ሊብፒሲአይ፦ ካርዱን ራሱን መጠየቅ

አዳማ ላይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዙ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያሳያችሁ የዊንዶውስን የሲስተም ገጽ ነው። እዚያ የተጻፈው የግራፊክስ ካርድ ስም ግን ከድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን ከሚያሠራው ሶፍትዌር፣ የመጣ ነው፤ ድራይቨሩም ካርዱ በነገረው ቁጥር ተነሥቶ ነው ስሙን የሚያወጣው። ወደ ቁጥሩ በቀጥታ ለመድረስ ከሊብፒሲአይ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ማርቲን ማሬሽ የጀመረው የፒሲአይዩቲልስ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ፣ ነው፤ ኤልኤስፒሲአይ የሚባለው ትእዛዝ የተሠራው በእሱ ላይ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ካርዶችን ከኮምፒውተሩ ጋር ወደሚያገናኘው ፒሲአይ ባስ የሚወስደው መንገድ በየሲስተሙ ይለያያል። ሊኑክስ መረጃውን በሲስኤፍኤስ ፋይሎች ያቀርባል፤ ፍሪቢኤስዲ የራሱ መንገድ አለው፤ የድሮ ፒሲ ላይ ሲኤፍ8 እና ሲኤፍሲ በሚባሉ ፖርቶች በኩል ይነበባል። ላይብረሪው የሚሆነውን መንገድ ራሱ ይመርጣል፤ የእናንተ ኮድ አይቀየርም። ዊንዶውስ ላይም ይሠራል፣ ነገር ግን እዚያ ሙሉውን መረጃ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ለምርመራ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሡት፤ የሻጩ ዲስክ አይነካም።

እያንዳንዱ ካርድ ስለ ራሱ የሚናገርበት 256 ባይት የኮንፊገሬሽን ቦታ አለው፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ 4096። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች የቺፑን አምራች ይነግራሉ፤ በሄክሳዴሲማል ሲጻፉ፦ 8086 ኢንቴል፣ 1002 የኤኤምዲ ግራፊክስ፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ። ቀጣዮቹ ሁለት ባይቶች የቺፑ ሞዴል ናቸው። ከ44ኛው ባይት ጀምሮ ደግሞ ካርዱን የገጣጠመው ድርጅት ቁጥር አለ። ኤልኤስፒሲአይን በሁለት ኤን አማራጭ ስታስኬዱት ስሙና ቁጥሩ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ስም ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ከወጣ ካርዱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የስሞቹ ፋይል አርጅቷል። አዲሱን ፒሲአይ አይዲኤስ ፋይል ፍላሹ ላይ አስቀምጡና በአይ አማራጭ አመልክቱት፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ዋናው ምርመራ የሊንኩ፣ ማለትም ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ ነው። ኤልኤስፒሲአይን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ)፣ በሁለት ቪ አማራጭ አስኬዱት። ያለ ሱዶ ሊኑክስ የመጀመሪያዎቹን 64 ባይቶች ብቻ ስለሚሰጥ የሊንኩ መረጃ አይታይም። ሁለት መስመሮችን አነጻጽሩ፦ ካርዱ የሚችለውንና አሁን እየሠራበት ያለውን። ባለ 16 መስመር ካርድ በ8 ወይም በ4 እየሠራ ከሆነ መጀመሪያ ስሎቱን ተጠራጠሩ። አዳማ ነፋሷ ተርባይን የሚያዞር ከተማ ናት፤ አቧራው ኬዝ ውስጥ ገብቶ የስሎቱን ጥርሶች ይሸፍናል። ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጫፍ ውኃ በሌለው አልኮል ጥረጉ፤ ስሎቱን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፤ ሲደርቅ መልሱና እንደገና አንብቡ። ካልተለወጠ ስሎቱ ራሱ ረጅም ሆኖ ውስጡ ባለ 4 መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ስሎቶች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ናቸው።

ፍጥነቱ ላይ ግን አትቸኩሉ። ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ወደ 2.5 ጊጋትራንስፈር በሰከንድ ይወርዳል። ከባድ ምስል እያሠራችሁ ካነበባችሁ እውነተኛው ቁጥር ይታያል፤ 5 ሁለተኛው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልድ፣ 8 ሦስተኛው፣ 16 አራተኛው ነው። ይህ ቁጥር የተጭበረበረ ካርድን ለማጋለጥም ይረዳል። በአሮጌ ቺፕ ላይ የሌላ ካርድ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ የተቀመጠውን ማስነሻ ሶፍትዌር) ጭነው የሚሸጡ አሉ፤ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመለያ ቁጥሩም ሊዋሽ ይችላል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሦስተኛው ትውልድ ካርድ ነው። ሥራ ላይ እያለም የሚችለው 5 ብቻ ነው የሚል ካርድ ሌላ ቺፕ ሊሆን ይችላል፤ አትግዙት።

የራሳችሁን መመርመሪያ በሲ ለመጻፍ ኡቡንቱ ላይ ሊብፒሲአይ ዴቭን ጫኑ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፒሲአይ አሎክ፣ ፒሲአይ ኢኒት፣ ፒሲአይ ስካን ባስ፤ ከዚያ የዴቪሶቹን ሰንሰለት በኔክስት እየተከተላችሁ ለእያንዳንዱ ፒሲአይ ፊል ኢንፎ ትጠራላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ፒሲአይ ክሊንአፕ። ጀማሪ የሚስተው ፊል ኢንፎን ነው። የትኞቹ መስኮች እንዲሞሉ እንደምትፈልጉ በባንዲራ ካልነገራችሁት የምታነቡት ያልተሞላ መስክ ነው። ለሊንኩ የኬፕስ (የካርዱ ችሎታዎች ዝርዝር) ባንዲራ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ፒሲአይ ፋይንድ ካፕን በቁጥር 16 ስትጠሩት የኤክስፕረሱን መነሻ አድራሻ ይሰጣችኋል። መነሻው ላይ 12 ስትጨምሩ ካርዱ የሚችለው፣ 18 ስትጨምሩ አሁን ያለበት ይገኛል። የታችኞቹ 4 ቢቶች ፍጥነቱ፣ ቀጣዮቹ 6 ቢቶች የመስመሩ ብዛት ናቸው። ፒሲአይ ሪድ ዎርድ የባይቱን ቅደም ተከተል ለማሽናችሁ ያስተካክላል፤ ሪድ ብሎክ ግን እንዳለ ነው የሚያመጣው።

ሌላም አለ፦ ላይብረሪው ስሕተት ሲገጥመው ፕሮግራማችሁን ዘግቶ ይወጣል። የራሳችሁን የስሕተት ፈንክሽን ከሰጣችሁት ያ ፈንክሽን ወደ ጠራው ኮድ መመለስ የለበትም፤ ከተመለሰ ላይብረሪው ባልተሟላ ሁኔታ ይቀጥላል።

ሁሉም ባይት ኤፍኤፍ ሆኖ ከተነበበ መልስ የሚሰጥ የለም ማለት ነው፤ ካርዱ ኃይል ተቋርጦበታል ወይም ሞቷል። ላፕቶፕ ላይ ሁለተኛው ግራፊክስ ተኝቶም ይሆናል፤ ቀስቅሳችሁ ድገሙት።

ሴትፒሲአይ የሚባለው ሌላው ትእዛዝ ካርዱ ላይ ይጽፋልና የሻጭ ማሽን ላይ አትንኩት። ኤልኤስፒሲአይን በሦስት ኤክስ አማራጭ አስኬዶ የኮንፊገሬሽን ቦታውን ማንበብም ሙሉ በሙሉ ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ አንዳንድ ካርድ የማይነካ ቦታው ሲነበብ ማሽኑን ያቆማል፤ ስለዚህ ያልተቀመጠ ሥራ ክፍት እያለ አታድርጉት። ካለፈ ግን ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ። ቤት ገብታችሁ በኤፍ አማራጭ ስትከፍቱት ካርዱ አጠገባችሁ ያለ ያህል ትንታኔውን ታያላችሁ፤ ኮምፒውተሩን በማግስቱ ስትረከቡም ካርዱ ያው ዓይነት መሆኑን በዚሁ ፋይል ታመሳክራላችሁ።