ቅርፊታም ተባይን በጊዜው መያዝ፦ ከጽጌረዳዬና ከሎሚዬ የተማርኩት

ቅርፊታም ተባይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ቅርንጫፍ ላይ የተለጠፉትን ቡናማ ወይም ነጭ ጉብታዎች ነው። ጽጌረዳዬና ሎሚዬ እፎይ ያሉት ግን ከጉብታዎቹ ጋር መታገሉን ትቼ ግልገሎቻቸው የሚወጡበትን ጊዜ መጠበቅ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ያደገችው እናት በሰም ጋሻ ሥር ስለምትኖር ሲነካት የሚገድል መድኃኒት ቢዘንብባትም አይደርስባትም። ገና የተፈለፈሉት ግን ሽፋን የላቸውም። በስድስት እግራቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቦታ መርጠው አፋቸውን ይሰኩና የራሳቸውን ሽፋን መሥራት ይጀምራሉ።

ይህን ጊዜ በዓይን ብቻ መያዝ ያስቸግራል። ስለዚህ አየሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ጉብታ በበዛባቸው ቅርንጫፎች ላይ በሁለቱም ፊት የሚያጣብቅ ፕላስተር እጠመጥማለሁ። በየጊዜው እየፈታሁ በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ፤ አዲስም እተካለሁ። ግልገሎቹ መውጣት ሲጀምሩ ፕላስተሩ ዳርና ዳር ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት እያንዳንዷ ቅንጣት እግር አላት። ያን ጊዜ መርጫዬን አነሳለሁ። ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይወጡ ፕላስተሩ እስኪጸዳ ድረስ በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ልዩነት ጠብቄ እደግመዋለሁ። በቀን መቁጠሪያ መመራት አያዋጣም፤ አንዱ ዝርያ በዓመት አንዴ ሲፈለፈል ሌላው ደጋግሞ ይፈለፈላል፣ ሙቀቱም ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል።

የምረጨው ለእጽዋት የተዘጋጀ ዘይት ነው። የሚገድለው አፍኖ ስለሆነ ያልነካው ነፍሳት አይሞትም፤ የቅጠሉን ጀርባና የቅርንጫፉን መጋጠሚያ ሳላዳርስ አልተውም። ቅጠሉን የሚያራግፍ ተክል ከሆነ አዲሱ ቡቃያ ከመፈንዳቱ በፊት አንድ ዙር እረጫለሁ፤ ቅጠል ስለሌለ ዘይቱ ግንዱን በደንብ ያገኘዋል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ወይም ተክሉ ውኃ ሲጠማው ግን ዘይት ቅጠል ስለሚያቃጥል አልነካውም። ድኝ ከተረጨ 30 ቀን ሳይሞላም ዘይት አይጨመርበትም።

ጉንዳን ሳይያዝ ይህ ሁሉ ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው። ለስላሳዎቹ ዝርያዎች የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ጥላሸት የመሰለው ሻጋታ የሚበቅለውም እሱ ላይ ነው። ጉንዳን ፈሳሹን ስለሚፈልግ ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቅለታል። እነዚያ ጠላቶች፣ ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች፣ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1888 እና 1889 ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደች ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻዎችን ከአንድ ቅርፊታም ተባይ ታድጋለች። እኔም የጉንዳኑን መንገድ ግንዱ ላይ በሚያጣብቅ ማገጃ እዘጋለሁ፤ ሁሉን የሚፈጅ መርዝም አልረጭም።

ከርጭት በኋላ ጉብታዎቹ ወዲያው አይረግፉም፤ የሞተ ቅርፊት ለወራት ተለጥፎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጥቂቶቹን በጥፍሬ እጫናለሁ። እርጥበት ከወጣ በሕይወት አለ፤ ደርቆ ከተፈረፈረ ሞቷል። አብዛኞቹ ደረቅ ከሆኑ መርጫውን አጥቤ አስቀምጣለሁ፤ እርጥብ የበዛባቸውን ቅርንጫፎች ቆርጬ አወጣና ፕላስተሩን ለሚቀጥለው ፍልፈላ አዘጋጃለሁ።