የእማን ኢንሱሊን ጎርፍ አልወሰደውም

ሥራዬ ፍሪጅ ጥገና ነው። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጋዝ እሞላለሁ፣ ኮምፕረሰር እቀይራለሁ፣ «ቲማቲሜን ሁሉ በረዶ አደረገብኝ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ቴርሞስታት አስተካክላለሁ። ይህን ቀድሜ መናገሬ ለማስታወቂያ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ጥፋት ያጠፋው ቅዝቃዜ እንጀራው የሆነ ሰው መሆኑን እንድታውቁት ብዬ ነው።

እማ ያኔ 67 ዓመቷ ነበር። ስኳርም ግፊትም አለባት። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ትወጋለች፣ ያን ነጣ ደፍረስ ያለውን። ቤታችን ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነበር፤ ዛሬ ሰፈሩ የለም፣ ፈርሷል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውሃው ገባ። እኛ ጋ እኮ ካፊያ ነበር። ዶፉ የወረደው እንጦጦ ላይ ነው። ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ ክረምት ላይ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ከጠቆረ ጫማችሁን ሳታወልቁ ተቀመጡ።

መውጣቱ አላስቸገረንም። ቆጣሪ አጠፋን፣ እማን አዘልኳት፣ ጎረቤቶች ስትሮክ የመታቸውን አንድ ሽማግሌ ከነፍራሻቸው አወጧቸው። በየበሩ እየደበደበ የቀሰቀሰን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ጆሮው እንደማይሰማ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች ቤት ለቤት ያውቃል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ወረዳ ይዞልኛል ብላችሁ አትተኙ፣ እድራችሁ ጋ አስመዝግቡ። ለእሳትና አደጋ መከላከያ 939 ደውሉ፤ እየጠበቃችሁ ግን አዛውንቱን አውጡ።

ከፍሪጁ ሦስት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ከመሳቢያው የስኳር መለኪያዋን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። የግፊት ኪኒኗንና የክትትል ካርዷን ረሳሁ። ኪኒኑን በማግስቱ ገዛሁ። ካርዱ ግን ብዙ አስከፈለን።

ያሳደሩን ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አክስቴ አለች። ፍሪጅም አልጋም አላት፣ «አሁኑኑ አምጣት» እያለች ስትደውል አደረች። ልንሄድ ስንነሳ አስተባባሪው «ከዚህ የወጣ አይመዘገብም» አለን። እኔም ምዝገባ ትልቅ ነገር መስሎኝ ቀረሁ። የስኳር በሽተኛ እናቴን ሲሚንቶ ላይ ያስተኛኋት ለዚህ ነው። በመጨረሻ የተመዘገበ ሰው ያገኘው ሁለት ብርድ ልብስና ዱቄት ነበር። «በተዘጋጀላችሁ ቦታ ቆዩ» ይሏችኋል። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፣ በሽተኛ ካላችሁና ዘመድ ካላችሁ ሂዱ። ስሙን አንድ ጤነኛ ሰው ቀርቶ ያስመዝግብ።

ጠዋት መድኃኒት ወደምትወስድበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ትርፍ ብልቃጥ ቢሰጡኝ፣ እንቢ ካሉ ደግሞ የያዝኩትን ፍሪጃቸው ውስጥ ቢያስቀምጡልኝ ብዬ ነው።

«ካርዷስ?»

«ጎርፍ ወሰደው።»

«ቀጠሮዋ መስከረም ነው። ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ።»

ወረዳ ሄድኩ። ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ነው። ተመልሼ ለመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ የእማ ስም ለዓመታት እዚያው መዝገብ ላይ እንዳለ፣ ገልጣ ብታየው እንደምታገኘው ነገርኳት። «አሠራራችን አይፈቅድም» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ካርዱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሁን የእማ ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣዋና የብልቃጡ ላይ ጽሑፍ እኔም፣ እህቴም፣ አክስቴም ቴሌግራም ላይ አለ።

እንግዲህ ምትክ የለም። ያሉኝ ሦስት ብልቃጦች ብቻ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ፍሪጅ የለም። «ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሱቄ ሄጄ ትንሿን አይስ ቦክስ አመጣሁ። ጓደኛዬ ከሚሠራበት ጁስ ቤት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ የሆኑ አራት ሃይላንድ ውሃ ወሰድኩ። ብልቃጦቹን በመካከላቸው ደረደርኩና በፎጣ ሸፈንኩ። በፎጣው የጠቀለልኩት ሳጥኑን ነው እንጂ ብልቃጦቹን አይደለም። ክዳኑን ዘግቼ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮራሁ።

ከዲፕ ፍሪዘር የወጣ በረዶ ዜሮ ዲግሪ አይደለም፤ ከዜሮ በታች 18 ሊሆን ይችላል። ይህን ለደንበኛ በቀን ሦስት ጊዜ እናገራለሁ። ጠዋት ስከፍተው ሁለቱ ብልቃጦች በረዶ ሆነው ነበር፣ ሦስተኛው ዳር ዳሩን ይዞታል። ምን አደረግኩ? ብብቴ ሥር አሙቄ አቀለጥኩት። ቀልጦ ሲያልቅ የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ፍርፋሪ ተጣብቋል፣ ፈሳሹ እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጧል። አሻሸሁት፣ አልጠፋም። «ምንም አይል» ብዬ ቀዳሁላት።

የመጀመሪያው ቀን ስኳሯ 280። በማግስቱ 390። ልጆች ውጭ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ፣ እማ ውሃ ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ያየን ሁሉ «ድንጋጤ ነው» አለ። ድንጋጤ ስኳር እንደሚያስነሳ እኔም ስለማውቅ አመንኩ። የታደለው ብስኩት ወተት አለበት ብላ አልበላችም ነበር፤ ጾም ላይ ናት፣ ዳቦ ቆሎ ነው የምትቀምሰው። እንደዚያ ትንሽ እየበላች ቁጥሩ መውጣቱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። መጠኑን ልጨምርላት ብዬም አስቤአለሁ። እማ ናት «ሐኪም ሳያዝ አልወጋም» ያለችኝ። ሦስተኛው ቀን ታስመልስ ጀመር፣ መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። ከመጠኑ በላይ ነው ማለቱ ነው። በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ወጣት ሐኪም ክንዷ ላይ ፈሳሽ ካስገባላት በኋላ «የምትወስደውን ኢንሱሊን አሳየኝ» አለ። ብልቃጡን ወደ መብራቱ አነሳና ፍርፋሪውን አየ።

«በረዶ ነክቶት ነበር?»

መልስ አጣሁ። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይሉን አጥቷል፣ ይጣላል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ መልካም ነው። ከፍሪጅ የወጣው ግን ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካላለፈ፣ ፀሐይና እሳት ካልነካው፣ ለ4 ሳምንት ያህል ይሠራል። «የአዲስ አበባ ነሐሴ ራሱ ፍሪጅ አይደል እንዴ?» አለኝ። ሥራዬን አልነገርኩትም።

በኋላ ዕቃ ልሰበስብ አዳራሹ ስመለስ ከመሣሪያ ሳጥኔ ቴርሞሜትር አውጥቼ ለካሁ። 17 ዲግሪ። ያ ቴርሞሜትር ሦስቱንም ቀን ከራስጌዬ ነበር። ብልቃጦቹን አዳራሹ ውስጥ እንዲሁ ብተዋቸው ኖሮ እማ ሆስፒታል አትተኛም ነበር።

ሁለት ሌሊት አድራ ወጣች። አውራ ጣቷ ላይ አንድ ቁስል ተገኘ። ጎርፉ ውስጥ ጥቂት እርምጃ በባዶ እግሯ ረግጣ ነበር፣ ምንም አልተሰማትም። እስኪድን አንድ ወር ተኩል ፈጀ። የስኳር በሽተኛ ጎርፍ ውስጥ ያለ ጫማ አይረግጥም። ዕቃው ይቅር፣ ጫማው ይቅደም። ማታ ማታም እግሯን በባትሪ እዩላት።

አሁን አክስቴ ጋ ነው የምትኖረው። ከአልጋዋ በላይ ምስማር ላይ ወፍራም ፌስታል ተንጠልጥሏል። የሳምንት ኪኒን፣ መርፌ፣ የመለኪያው ስትሪፕ፣ ስኳሯ በድንገት ቢወርድ የምትልሰው ከረሜላ፣ ካልሲና የካርዱ ኮፒ አለበት። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ ግድግዳው ራቅ ብሎ፤ ግድግዳው ያረጋዋል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር ዘግተን ዝም እንላለን። ሰኔ በገባ ቁጥር እማ ራሷ ፌስታሉን አውርዳ አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

አይስ ቦክሷን እኔ በሌለሁበት ለልዋጭ ሰጥታ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተቀብላበታለች።