ለአንድ ሰው ሦስት ክፍል የተያዘበት ቀን

የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚያልፍ፣ የቢሯችን ስልክ ጠዋት ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ከጅቡቲ ጋር ይውላል። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ ከብዙ ሾፌሮችና ትራንዚተሮች፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎች፣ ጋር በአማርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በአፋርኛ መግባባት ቢቻልም፣ ደብዳቤውና የቢሮው ንግግር በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። በዚህ ምክንያት የፈረንሳይኛ ግሥ እርባታ ለእኛ ከደብተር ላይ ወርዶ በየዕለቱ ገንዘብና ጊዜ የሚወስን ጉዳይ ሆኗል።

አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን ዶራሌ ተርሚናል ላይ የቆመ ጭነት ጉዳይ ለመጨረስ ራሳቸው ወደ ጅቡቲ መሄድ ነበረባቸው። ጉዞውን ለወኪላችን በስልክ እንዲያሳውቅ የተመደበው በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ባልደረባችን ነበር፤ ፈረንሳይኛን በማታ ትምህርት የተማረ፣ ለሥራው የሚጠነቀቅ፣ ታላቁን «አንተ» ብሎ የማያውቅ ጨዋ ልጅ ነው። ደወለ፤ ወኪሉ ስለ ሥራ አስኪያጁ ጠየቀው፤ መለሰለትና ስልኩን ዘጋ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ጅቡቲ ሲደርሱ ሆቴል ውስጥ ሦስት ክፍል ተይዞ፣ ሰፊ መኪና ቆሞ ጠበቃቸው። ወኪሉ ከእሳቸው ሌላ ሰዎች አብረው እንደሚመጡ ተረድቶ፣ ስንት እንደሆኑ ባይነገረውም ሦስት ቢሆኑ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። የሆቴሉ ነገር ቀላል ነው፤ ክፍል ይሰረዛል። ከባዱ ችግር የወደብ መግቢያ ፈቃዱ ላይ መጣ። ወኪሉ የሁሉንም ማመልከቻ በአንድ ላይ ለማስገባት አስቦ፣ የቀሩትን ሰዎች ስም እስክንልክለት ሲጠብቅ የእሳቸውንም አቆይቶት ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጃችን ያን ቀን ተርሚናሉ ውስጥ ሳይገቡ ዋሉ። ነፃ የመቆያ ጊዜውን የጨረሰ ኮንቴይነር በየቀኑ ክፍያ እየጨመረ እንደሚሄድ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጉዳዩን እንዳጣራ ለእኔ ተሰጠኝ። ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ምን ብሎ እንደተናገረ ጠየቅሁት።

«‹ነገ ይደርሳሉ› ነው ያልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም» አለኝ።

በአማርኛው አንድም እንከን አልነበረበትም። በፈረንሳይኛ የተናገረውን እንዲደግምልኝ ስጠይቀው ግን «ኢል ዛሪቭ ደመን» አለኝ፤ መሐል ላይ የገባችው «ዝ» ድምፅ ጉዳዩን ሁሉ ገለጠችው። ስለ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ «ኢላሪቭ ደመን» ነበር የሚባለው። ልጁ ሥራ አስኪያጁን አክብሮ የአማርኛውን «ይደርሳሉ» በብዙ ቁጥር አስቀመጠው፤ ወኪሉም የሰማውን በትክክል ተረዳ፤ ሰዎቹ ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማብራራት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚህች ቦታ ላይ ሊሰናከል ይችላል። በአማርኛ አድራጊው ግሡ ውስጥ ነው። «ይደርሳል»፣ «ትደርሳለች»፣ «ትደርሻለሽ»፣ «እንደርሳለን» ሲባል ተውላጠ ስም ባይጨመር እንኳ ማን እንደሆነ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ ግሡ ራሱ ይናገራል። «ይደርሳሉ» ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለብዙ ሰዎችም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይሆናል። በፈረንሳይኛ ሦስተኛ መደብ ላይ የአክብሮት እርባታ የለም። የሚመጣው ሚኒስትርም ይሁን ተላላኪ፣ አንድ እስከሆነ ድረስ ግሡ በነጠላ ይረባል፤ አክብሮቱ የሚገባው ከፊት በሚቀመጠው ማዕረግ ላይ ነው።

እርባታው ራሱ ከባድ አይደለም። በፈረንሳይኛ ከ10 ግሦች 9 ያህሉ በጽሕፈት «ኢ» እና «አር» በሚባሉት ፊደላት የሚጨርሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ጥቂት ካልሆኑ በቀር ሁሉም መደበኛውን መንገድ ይከተላሉ። ሁለቱ ፊደላት ይነሡና በግንዱ ላይ እንደየመደቡ ስድስት መድረሻዎች ይተካሉ፤ ለ«እኔ» «ኢ»፣ ለ«አንተ» ወይም ለ«አንቺ» «ኢ-ኤስ»፣ ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» እንደገና «ኢ»፣ ለ«እኛ» «ኦ-ኤን-ኤስ»፣ ለ«እናንተ» «ኢ-ዜድ»፣ ለ«እነሱ» «ኢ-ኤን-ቲ»። ይህን ሰንጠረዥ ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ ልጁም በሚገባ ያውቀው ነበር። ችግሩ ሰንጠረዡ የሚጠናው በዓይን፣ ስልኩ የሚሠራው በጆሮ መሆኑ ነው። ከስድስቱ መድረሻዎች አራቱ ሲነገሩ አይሰሙም። «ፓርሌ»ን፣ መናገር ማለት ነው፣ ብናረባ «ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል» ካልን በኋላ የብዙ ቁጥሩም «ኢል ፓርል» ነው፤ ለጆሮ የሚለዩት «ኑ ፓርሎን» እና «ቩ ፓርሌ» ብቻ ናቸው። በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች «ኑ»፣ ማለትም «እኛ»፣ የሚለውን አዘውትረው በ«ኦን» ይተኩትና ግሡን በነጠላ ያረቡታል፤ ያን ጊዜ «ፓርሎን»ም ይቀርና ከ«ፓርሌ» በቀር የሚደመጠው አንድ «ፓርል» ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማን እንደሆነ የሚነግረን ከግሡ በፊት የሚመጣው ቃል ነው፤ ፈረንሳይኛ ተውላጠ ስሙን የማይጥለውም በዚህ ምክንያት ነው። ግሡ በአናባቢ ሲጀምር፣ እንደ «አሪቬ» ማለት ነው፣ የብዙ ቁጥሩ ተውላጠ ስም የመጨረሻ ፊደል «ዝ» ሆኖ ይነቃና ልዩነቱን ያሰማል። በተነባቢ ሲጀምር ግን ምንም አይሰማም። በሥራችን በየሰዓቱ የምንጠቀምበት «ሻርዤ»፣ መጫን ማለት፣ በነጠላም በብዙም «ኢል ሻርዥ» ነው። አንድ መኪና እየጫነ ነው ወይስ አምስት? ጉዳዩን የሚለየው ስሙ ሲጠራ ብቻ ነው፤ «ለ ካሚዮን ሻርዥ» ከተባለ አንድ ነው፣ «ሌ ካሚዮን ሻርዥ» ከተባለ ብዙ ናቸው። «ለ» እና «ሌ» በተበላሸ የስልክ መስመር ላይ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለመረዳት ከድንበሩ ኬላ ከጋላፊ የሚደወል ስልክ ማንሳት ይበቃል። እኔ እንዲህ ባለው ጊዜ ቁጥሩን ሳልጠይቅ ስልክ አልዘጋም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ፈረንሳይኛ የሚጠቀሙ ባልደረቦችን ሰብስበን ግሥ ማርባት ጀመርን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ወረቀት፣ በጆሮ ብቻ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሰማው ስለ አንድ ሰው ይሁን ስለ ብዙ ሰዎች ይመልሳል። መጽሐፍ አስቀድመው የያዙት «አንድ ነው» ሲሉ ብዙ ሆኖ ሲገኝ የሚያሳዩት መደነቅ፣ ትምህርቱ ከየት መጀመር እንደነበረበት ያመለክታል። ሰንጠረዡን መሸምደድ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ የማይሰማው «ኢ-ኤን-ቲ» በኢሜይል ላይ ካልተጻፈ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ስሕተት ነው ብሎ ያነበዋል። ነገር ግን ድምፁ ቀድሞ ጆሮ ውስጥ ካልገባ ጽሕፈቱ ብቻውን ስልክ ላይ አያድንም።

በልምምዱ ላይ አንድ ሌላ ነገርም ወጣ። «እርስዎ» ብለን ስናነጋግር በአማርኛ ግሡን በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር እናረባዋለን፤ «እርስዎ ይደርሳሉ» እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን ለተከበረው አድማጭ የሚወስደው የ«እናንተ»ን እርባታ ነው፤ «ቩ ዛሪቬ»። ብዙዎቻችን «ቩ» ብለን ጀምረን ግሡን የ«እነሱ» አድርገን «ቩ ዛሪቭ» ስንል ተገኘን።

ወጣቱ ባልደረባችን ሁሉንም ቶሎ ያዘው፤ አንድ ነገር ብቻ ከበደው። «ሥራ አስኪያጁን ‹ኢል› ብዬ በነጠላ ስጠራቸው አንተ ያልኳቸው ይመስለኛል፤ አፌን ይይዘኛል» አለኝ። ስሜቱ ይገባኛል፤ እንዲህ ያለውን አክብሮት ያሳደገበትን ቤት ላደንቅ እንጂ ልነቅፍ አልችልም። መፍትሔ ያደረግነው ማዕረጉን ማስቀደም ነው፤ አሁን ስልክ ሲደውል «ሙስዩ ለ ዲሬክተር አሪቭ ማርዲ» ይላል፣ ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞ ይደርሳሉ ማለት ነው፤ ቀጥሎም «ኢል ቮያዥ ሰል» ብሎ ብቻቸውን እንደሚጓዙ ይጨምራል።