«ጋሼ አርፈዋል»

ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል ይባላል፤ በሩ የሚዘጋው ግን እኛ ላይ ነው። ዘንድሮ ሦስት እሑዶችን በተከታታይ ቢሮ አሳልፌያለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንደሚገባኝ ይናገራል። «ያልተቋረጠ» የምትለዋን ቃል በስስት ነው የማነባት።

ባለፈው እሑድ ቆረጥኩ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ለእንቅልፍ ከዚህ የተሻለ ዜማ የለም። ክረምቱን እኛ ዘንድ ልታሳልፍ ከደብረ ብርሃን ለመጣችው የዘጠኝ ዓመት የእህቴ ልጅ ስልኬን አስረክቤ «ማንም ቢደውል አርፏል በይ» አልኳትና ተኛሁ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ «ተመስገን! በመጨረሻ!» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ልጅቷ ጨዋ ናት። ትልቅ ሰው «አንተ» አይባልም ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ ያልኳትን በአክብሮት አስተካክላ፣ ለደወለው የቢሮ ባልደረባዬ «ጋሼ አርፈዋል» አለችው። የቀረውን በኋላ ከሁለቱም አጣርቻለሁ።

«ምን? መቼ?»

«አሁን፣ ከቁርስ በኋላ።»

«ምን ሆኖ?»

«ሥራ በዝቶባቸው።»

«ወይኔ! ምንም ሳይናገር?»

«'ተመስገን፣ በመጨረሻ' ብለው ተሸፈኑ።»

እድራችን ለስብሰባ ሁለት ሰዓት ይዘገያል፤ ለሞተ ሰው ግን የሚቀድመው የለም። ጥሩምባው ሰፈሩን ሲዞር በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼ የጭነት መኪና ነው ብያለሁ። ቤት ገብቶ ሬሳውን ያየ የለም ወይ ብትሉ፣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ «እንዳይረበሹ» ብላ ከልክላለች።

የቀሰቀሰኝ ለቅሶው ነው። ግቢውን የምንጋራው አራት አባወራዎች ነን፤ ከጎናችን ያሉት አዛውንት ታመው ሰንብተዋል። «እሳቸው ናቸው» አልኩ። እንቅልፌ ቢያሳሳኝም ለቅሶ አይቀርም። ጋቢዬን ተከናንቤ በጓሮ በር ወጣሁና ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሴቶች ለንፍሮ ስንዴ ይለቅማሉ። አጠገቤ ላሉት ሽማግሌ በሹክሹክታ «ተሰቃይተው ነበር፤ ተገላገሉ» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ተሰቃየ! ገና ጎልማሳ ነው እንጂ። ያ የሒሳብ ሠራተኛው። ሥራ ገደለው።»

እውነቱን ልናገር? ወዲያው አልተነሣሁም። ከፊት ያሉት ሴቶች «ደጉ፣ ለሰው አሳቢው» እያሉ ነበር። በ46 ዓመቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። የሞቱት እሳቸው ናቸው ያልኳቸው ጎረቤቴ እንኳ በምርኩዝ ወጥተው እያለቀሱልኝ ነው። ትንሽ ላድምጥ ብዬ ጋቢዬን ይበልጥ ተከናነብኩ። እንዲህ ተመስግኖ፣ እንዲህ ተቀምጦ መዋል ከየት ይገኛል? ችግሩ የእድሩ ጸሐፊ ነው። መዝገቡን ገልጦ «ነፍሱን ይማረውና የሦስት ወር መዋጮ አልከፈለም» አለ።

«ሁለት ወር ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ያን ትርምስ መግለጽ አልችልም። ግማሹ ወደ በሩ፣ ግማሹ ወደ ጸበሉ ሮጠ። ለባለቤቴ መርዶ ሊነግሩ መንገድ የጀመሩት ሁለት ሽማግሌዎች ከታክሲ ተራ ተመለሱ። አለቃዬ ሳይቀሩ መጥተው ኖሮ አቅፈውኝ ከልባቸው አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና «እንኳን ተረፍክ። ያ የሒሳብ መግለጫ ግን...» አሉ።

ስልኬ ጠራ። ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ነው።

«ጋሼ፣ አሁንስ ምን ልበላቸው?»

«አላረፈም በያቸው።»