ያው ሌሊት፣ ሌላ ሸክም

ሰኔ 24 የሙሴ ጸሊም መታሰቢያ ነው። አምና በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለዕለቱ ግጥም እንዳቀርብ ተነገረኝ። ታሪኩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ሽፍታ ነበር፣ መነኮሰ፣ ቅዱስ ሆነ። በአንድ ምሽት አርባ ስንኝ ጻፍኩ።

ቅኔ ለሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ልጄ፣ ጨለማና ብርሃን ስንት ጊዜ አልህ?" አሉኝ። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ። "ሰውዬውስ የታለ?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ ስለ ንስሐ የምንገጥም ብዙዎቻችን "ጠፍቼ ነበር፣ ተገኘሁ" እንልና ቤት እንመታለን። በመሀል ያለው መንገድ አይታይም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ሰሚው ገና መንገድ ላይ ነዋ!

ወደ ታሪኩ ተመለስኩ። ሙሴ በሽፍትነቱ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን በዋና የተሻገረ ሰው ነው። በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ ከመነኮሰ በኋላም ክፉ ሐሳብ ቶሎ አልለቀቀውም። ታዲያ ሌሊት እየተነሣ በየበዓቱ፣ ማለት በየመነኮሳቱ ማደሪያ፣ ይዞርና ለአረጋውያን መነኮሳት ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ውኃው ደግሞ ሩቅ ነው። እዚህች ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሽፍታም ሌሊት ነው የሚወጣው። ጉልበቱም ያው ጉልበት ነው። የተለወጠው የተሸከመው ነገር ነው።

አርባውን ስንኝ ጣልኩት። ወል ቤት በሚባለው የግጥም ስልት፣ ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠርኩ እንደገና ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ይህችን እወዳታለሁ፦

በሰይፍ የዞረበት ያው የጨለማ ሌት፣
ዛሬ እንስራ አዝሎ ውኃ ወረደበት።

ጨለማ የምትለውን ቃል አንዴ ብቻ ተጠቀምኩባት። መሪጌታው ሁለተኛዋን መስመር ሲሰሙ "ይደገም!" አሉ። እኔ ያሰብኩት ውኃ ለመቅዳት መውረዱን ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን ውኃው በራሱ በሙሴ ላይ ሲወርድ፣ ሲያጥበው ነው። ያንን ወርቅ፣ ያንን የተሰወረ ትርጉም፣ ብፈልገው ኖሮ የማገኘው አይመስለኝም። እንስራውን በደንብ ሳየው መጣ።

አሁን ስለ ራሴ ልጽፍ እየሞከርኩ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈን ኖረን የደወልኩለትን ቀን። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ገና አልጻፍኩትም። እስካሁን ያለኝ ስልኩ እየጠራ ቆሜ የቆጠርኳቸው፣ በሩ ሥር የተደረደሩት ጫማዎች ናቸው።