ሬሳውን ማን ያወጣዋል?

መድረክ ላይ ሰው መግደል ቀላል ነው፣ ጣጣው ሬሳውን ማውጣቱ ላይ ነው። ዛሬ መብራት ይጠፋል፣ ሟቹ ብድግ ብሎ ወደ ጀርባ ይገባል፣ አለቀ። ሼክስፒር ግን ይሄ አልነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1599 የተሰራው ቲያትር ቤቱ ግሎብ መሀሉ ጣራ አልነበረውም፣ ተውኔቱ የሚታየውም ከሰዓት በፀሐይ ነበር፣ የሚዘጋ መጋረጃ የለ የሚጠፋ መብራት የለ፣ ስለዚህ ሰውዬው ገዳዩን ሲጽፍ ተሸካሚውንም አብሮ ይጽፋል። «ሀምሌት» በሚለው ተውኔቱ ልዑሉ ሀምሌት የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን ወግቶ ከገደለው በኋላ ራሱ እየጎተተ ይዞት ይወጣል። መጨረሻ ላይ ራሱ ሲሞት ደሞ የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ይመጣና አራት መኮንኖች በወታደር ክብር ይሸከሙት ብሎ ያዛል። ተመልካቹ የጀግና ሽኝት ያያል፣ መድረኩም በዛው ይጸዳል!

የተውኔቱ አጀማመርም እንደዛው ነው። ታሪኩ እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ተመልካቹ ግን ፀሐይ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ሊተካ የመጣው ዘብ በጥበቃ ላይ ያለውን «ማነው?» ይለዋል (መጠየቅ ያለበት እኮ የቆመው ነበር)፣ ከዛ ስድስት ሰዓት ሌሊት መሆኑ ይነገራል፣ ብርዱ ይነሳል፣ በቃ ጨለማውም ፍርሃቱም በወሬ ገባ። ጋሽ ፀጋዬ ገብረመድኅን ሀምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው እሱም የመድረክ ሰው ሆኖ ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል አማርኛው ለተዋናይ አፍ የሚመቸው።

ይሄን ሁሉ ያስወራኝ እዚሁ ባህር ዳር አንድ ጓደኛዬ የሰጠኝ ስክሪፕት ነው። ልጁ ቃለ ተውኔት ይችላል፣ ግን በየሁለት ገጹ «መብራት ይጠፋል» ይላል፣ ጨለማ ውስጥ ወንበር ሲጎተት እየሰማ የሚቀመጥ ሰው ደሞ ስልኩን ነው የሚያወጣው። ከሁሉ የገረመኝ «ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ልጅ ታንኳው ማዕበል መትቶት ይገለበጣል» የሚለው ነው። ወንድሜ ጣናን አዳራሽ ውስጥ ከየት ነው የምናመጣው?

እናትየዋን ዳር ላይ አቁማት አልኩት፣ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አድርጋ «ያ የኛ ልጅ አይደል?» ትበል፣ አጠገቧ ያለው ዓሣ አጥማጅ አይቶ መልስ ይንሳት፣ መረቡን መጠቅለሉን ግን ያቁም።

አሰበና «እሺ» አለ። የቀረን አባትየውና ፖሊሱ ናቸው፣ ሁለቱንም የሚሰራው አንድ ተዋናይ ነው፣ አባት ሆኖ ከወጣ በኋላ ፖሊስ ሆኖ እስኪገባ ያለው አንዲት መስመር ብቻ ናት። ሸሚዙን እንኳን አይቆልፍባትም። እዛ ጋ ለጎረቤቷ ግማሽ ገጽ ሐሜት ጻፍላት ብዬዋለሁ፣ የመድረክ ልምምድ ሳይጀመር ያምጣት እንጂ።