ሪፐብሊክ ሪፐብሊክን ሲወጋ፦ የመመረቂያ ጽሑፌ የተያዘበት ዓመት

ለማስተርስ የሠራሁት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሪፐብሊካኖች የፈረንሳይን ሪፐብሊካኖች እንዴት ያዩ እንደነበር ነው። አማካሪ ማግኘቱ፣ መጻሕፍት ማሰባሰቡ እንደማንም ተማሪ አለፈ። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ተቃጠልኩ።

መነሻዬ 1849 ነበር (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ፌብሩዋሪ 9 ሮም ላይ ሪፐብሊክ ታወጀ። የጣሊያን ሪፐብሊካኑ ማዚኒ ከሦስቱ መሪዎች አንዱ ሆነ። በኤፕሪል የፈረንሳዩ ጄኔራል ኡዲኖ ጦር ሊወጋት መጣ። የላከችው ፈረንሳይ ራሷ ሪፐብሊክ ነበረች! በ1848 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ደግሞ ጦሯን በማንም ሕዝብ ነፃነት ላይ እንደማታዘምት ይናገራል። ኤፕሪል 30 ለሮም የተዋጋው ጄኔራል ጋሪባልዲ መክቶ መለሳቸው። በጁላይ መጀመሪያ ግን ሮም ወደቀች።

ገምጋሚው ይህን ገጽ በቀይ ሰርዞ መለሰልኝ። «ሮምን የወጋው ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን ሦስተኛ ነው፤ አስተካክል» ይላል። ሉዊ ናፖሊዮን (በኋላ ናፖሊዮን ሦስተኛ የተባለው) ያኔ በምርጫ የመጣ ፕሬዚዳንት ነበር። ዘውድ የጫነው በ1852 ነው። ማስረጃ አያይዤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ቢሮ ሄድኩ። «ምን አከራከረህ? ያለህን ቀይረህ አስገባ» አሉኝ። አልቀየርኩም። ሴሚስተሩ አለፈ፣ ክፍያው በእኔ ላይ ቆጠረ። ሌላ ገምጋሚ ሲመደብ ያው ገጽ አንድ ቃል ሳይነካ አለፈ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ዛሬም ያናድደኛል። ምክንያቱም ያን ዓመት ብታጠፉት የጣሊያኖቹ ምሬት ትርጉም ያጣል። የወጋቸው ዘውድ ቢሆን የጠበቁት ነገር ነው። የወጋቸው ግን በሪፐብሊክ እምነት ወንድማቸው ነው።

የዲፓርትመንቱ መመሪያ «ከ1789 ጀምሩ» ይላል፤ ከፈረንሳይ አብዮት ማለት ነው። አትስሙት። ከ1849 ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ። ማዚኒ «ወጣት ጣሊያን» የተባለውን ድርጅት በ1831 የመሠረተው ማርሴይ ላይ በስደት ሳለ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ሳይሞላ የፈረንሳይ የመሪነት ተራ አብቅቷል ብሎ ጻፈ። አብዮቷን መብት አስተምራ ግዴታን ረሳች ብሎ ይወቅሳት ነበር። ሌላው የጣሊያን ሪፐብሊካን ጁዜፔ ፌራሪ ግን ተስፋውን ከፈረንሳይ አልነቀለም።

«ወዳጅ ነበሩ ወይስ ጠላት?» የሚላችሁን ጥያቄም አትቀበሉ። የፈረንሳይ ሪፐብሊካኑ ለድሩ ሮላን በጁን 1849 ለሮም ብሎ ፓሪስ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ተሰደደ፤ ለንደን ላይ ከማዚኒ ጋር በአንድ ኮሚቴ ሠራ። በ1870 ናፖሊዮን ሲወድቅ ጋሪባልዲ ለአዲሲቱ የፈረንሳይ ሪፐብሊክ ሊዋጋ ዘመተ። በዓመቱ ማዚኒ ፓሪስን የያዘውን አብዮታዊ አስተዳደር፣ የፓሪስ ኮሚውንን፣ አወገዘ። ወዳጅነቱንም ጠላትነቱንም በአንድ ምዕራፍ አስገቧቸው። ገምጋሚ «ምረጥ» ካላችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ቀን ይኑረው፤ ቅጂውንም ያዙ።